የክርስትና እናት ያጣችው ሸክላ ሠሪ

አንድ ሸክላ ሠሪ ሴት ነበረች። ስሟ አየለች ይባላል። ከመንደሩ ወጣ ብላ፣ ከወንዙ ማዶ ባለች ጎጆ ብቻዋን ትኖር ነበር። እናቷ ቀደም ብላ ሞታባታለች፤ ባል አላገባችም፤ የቀሩት ዘመዶቿም እንጀራ ፍለጋ ተበትነዋል። የመንደሩ ሰው እሷ በሠራችው ድስት ወጡን ይሠራል፣ እሷ በሠራችው እንስራ ውሃውን ይቀዳል። ከእሷ ጋር ግን በአንድ ገበታ አይቀርብም። እጇን አይጨብጥም። ደጁ ስትመጣም ከአጥር ውጭ ቆማ እንድትጠብቀው ይፈልጋል። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ፣ "ከአባቶቻችን ያገኘነው ነው" ከማለት በቀር መልስ የለውም።

በኮረብታው ላይ አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አየለች ከገበያ ስትመለስ በአጠገቡ ታልፋለች። አንድ እሑድ መዝሙሩ ያዛትና ከአጥሩ ውጭ ቆማ ስታዳምጥ የቁምስናው ካህን አባ ቲቶ አዩአት።

"ምነው አትገቢም?" አሏት።

"ገብቼ የት እቀመጣለሁ፣ አባቴ?"

"ሌላው ሰው በሚቀመጥበት።"

ገባችና በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀድመው የተቀመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ቦታቸውን ለቀቁ። አንዱ ሕፃን ያባበለ መስሎ ተነሣ፤ ሌላይቱ ከፊት ዘመድ ያየች መስላ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ ያ ረጅም ወንበር የእሷ ብቻ ሆነ። ከዚያ እሑድ ጀምሮም የእሷ ብቻ ሆኖ ቀረ።

አየለች ግን መምጣቷን አልተወችም። ለጥምቀት ከሚዘጋጁት ጋር ተመዘገበችና ትምህርተ ክርስቶስ መማር ጀመረች። ሌሎቹ ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ በየመንገዱ እየተጠያየቁ ይሄዳሉ፤ እሷን የሚጠይቃት ስለሌለ ጎጆዋ ገብታ ጭቃዋን እያቦካች የተማረችውን ለራሷ ትደግማለች። "ምስጢራት ስንት ናቸው?" ትላለች ጮክ ብላ። ከዚያ ራሷ ትመልሳለች። የሚሰሟት ሊደርቁ የተደረደሩት ድስቶች ብቻ ነበሩ።

ጥምቀቱ ለጰራቅሊጦስ በዓል ተቆረጠ። በዓሉ ሲቃረብ አባ ቲቶ ተጠማቂዎቹን ሰብስበው፣ "እያንዳንዳችሁ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ይዛችሁ ኑ" አሉ። "ለወጉ ብቻ የሚቆም ሰው አትፈልጉ። ከዚያ ቀን በኋላ ዘመድ የሚሆናችሁን፣ ስትወድቁ የሚያነሣችሁን ፈልጉ።"

አየለች ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ አሰበች። በዚያ ሁሉ ምእመን መካከል ስሟን ጠርታ ሰላምታ የሰጠቻት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም ወይዘሮ ብርዛፍ ናት።

ወይዘሮ ብርዛፍ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ሩቅ ከተማ የሄዱባት፣ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ከቅዳሴ አትቀርም፣ ትቆርባለች፣ የሴቶች ማኅበሩም አለቃ ናት። ሰዎች "ምን ጎደላት" ይሏታል። እሷ ግን በሯን ዘግታ ስትቀመጥ የገዛ እርምጃዋ ድምፅ ያስደነግጣት ነበር። ከዚያ ጸጥታ የሚያድናት ማኅበሩ ብቻ ነው። የማኅበሩ ሴቶች ሲመጡ ቤቱ ይሞላል፤ ሲሄዱ እንደገና ባዶ ይሆናል።

አየለች ከዚህች ሴት አጥር ውጭ ቆማ ተጣራች። ወይዘሮ ብርዛፍ ወጣች።

"እትዬ፣ አንድ ልመና ይዤ መጥቼ ነው" አለች አየለች መሬት መሬት እያየች። "ለጥምቀቴ የክርስትና እናት እንዲሆኑኝ።"

ወይዘሮ ብርዛፍ የአጥሩን በር ይዛ ቆመች። የክርስትና ልጅ ማለት በዓል በመጣ ቁጥር የምትጠራ፣ ከአንድ ገበታ የምትበላ፣ እናቷ ስትታመም የምታስታምም ልጅ ማለት እንደሆነ ታውቃለች። የማኅበሩ ሴቶች ምን እንደሚሉም ታውቃለች።

"ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም" አለች በመጨረሻ። "ሰው ይርቀኛል። እኔ ደግሞ ከሰው በቀር ምንም የለኝም።"

"እኔስ ማን አለኝ፣ እትዬ?" አለች አየለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ እንዲሁ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። ከዚያ እጅ ነሥታ ሄደች።

የጰራቅሊጦስ ዕለት ሌሎቹ ነጭ ለብሰው፣ እያንዳንዳቸው ከኋላቸው ሰው ቆሞላቸው ተጠመቁ። አየለች ከመጨረሻው ወንበር ሆና አየቻቸው። ዘመዶቻቸው እልል ሲሉ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወይዘሮ ብርዛፍ ለመቁረብ ተሰልፋ ሳለ ስትወጣ አይታታለች። ቆርባ ወደ ቦታዋ ስትመለስ እንደ ሁልጊዜው ዐይኗን ጨፍና ልትጸልይ ሞከረች። "እኔስ ማን አለኝ?" ከሚለው ጥያቄ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። አየለች የሸክላ አፈር የምትቆፍርበት ጉድጓድ ከወይዘሮ ብርዛፍ ማሳ ግርጌ፣ ከወንዙ ዳር ነበር። አንድ የገበያ ቀን፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት፣ ወይዘሮ ብርዛፍ ጎመን ስትቀነጥስ ከግርጌ በኩል ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማች። ቀጥሎም አንድ ጩኸት መጣ። ሮጣ ስትደርስ ዝናብ ያራሰው ገደል ተንዶ አየለችን እስከ ደረቷ ቀብሯታል። ፊቷ አመድ መስሏል። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ወይዘሮ ብርዛፍ ጮኸች፤ የሰማት የለም። በእጇ አፈሩን መዛቅ ጀመረች። አንድ እፍኝ ስታወጣ ከላይ ሌላ ይንሸራተታል።

"ይተዉት፣ እትዬ" አለች አየለች። "እርስዎም ላይ ይናዳል። ውሃ ብቻ..."

"ልትጠጪ ነው?"

አየለች አይደለም ስትል ራሷን ነቀነቀች። "ሳልጠመቅ..." ብላ ቀረች።

ወይዘሮ ብርዛፍ በሕፃንነቷ የተማረችው ትዝ አላት፤ ሞት ሲቃረብና ካህን ሲታጣ ማንም ሰው ማጥመቅ ይችላል። ወንዙ ሁለት እርምጃ ነው። የምትቀዳበት ዕቃ አልነበራትም። በሁለት እጇ ዘግና መጣች፤ መንገድ ላይ ግማሹ ፈሰሰ። በአንድ መዳፏ ጭቃ የለበሰውን ግንባሯን ጠረገች፤ ያቺን ሴት ስትነካት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ የቀረውን ውሃ በአየለች ራስ ላይ እያፈሰሰች፣ "አየለች፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ" አለች።

ወይዘሮ ብርዛፍ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ደግፋ ያዘቻት። ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ነጠላዋን ከላይዋ ዘረጋችላት። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አግኝተዋቸው በአካፋ እስኪያወጧት ድረስ እጇን አልለቀቀችም።

አየለች አልሞተችም። እግሯ ተሰብሮ ጤና ጣቢያ ብዙ ቀን ተኛች፤ ዳነች።

ወይዘሮ ብርዛፍ አባ ቲቶ ዘንድ ሄደች። "አባቴ፣ የክርስትና እናት ሁኚኝ ብላ ስትለምነኝ እምቢ ያልኳትን ሴት እኔው አጠመቅኋት። ምን ይባላል ይሄ?"

"ጥምቀት ይባላል" አሉ አባ ቲቶ። "ተፈጽሟል፤ አይደገምም። ሲያጠምቋት ሰው ምን ይለኛል ብለው ነበር?"

"ኧረ በምን ልቤ! ልትሞትብኝ ነበር እኮ።"

"እንግዲህ አሁን ድናለች። ለሚሞት ሰው መራራት ሁላችንም አናጣውም፣ ወይዘሮ ብርዛፍ። ከሚኖር ሰው ጋር መኖር ነው የሚከብደው። ቅብዐ ሜሮንና ቅዱስ ቁርባን ይቀሯታል። በዚያ ቀን ከኋላዋ ቆሞ እጁን በትከሻዋ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ያስፈልጋታል። እኔ አላዝዝዎትም።"

የማኅበሩ ሴቶች ወሬውን ሰምተው መጡ። "ያንን ቀን አምላክ ያውቀዋል፤ ነፍስ አድነሻል" አሏት። "ከዚህ በላይ ከተዛመድሻት ግን ከቤትሽ የምንቀምሰው የለም።" ወይዘሮ ብርዛፍ ሲሄዱ በር ድረስ ሸኘቻቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ያን ሁሉ ዓመት የፈራችው ጸጥታ ነበር። እስኪመሽ ድረስ በውስጡ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ግን ከአየለች ኋላ ለመቆም የቆረጠችውን ሐሳብ አልለወጠችም።

በተወሰነው እሑድ አየለች በምርኩዝ እየተደገፈች ወደ ፊት ወጣች። አባ ቲቶ፣ "ይህችን እህት የሚያቀርባት ማነው?" ሲሉ ወይዘሮ ብርዛፍ ከመካከል ተነሥታ፣ "እኔ ነኝ" አለች። ቀኝ እጇን በትከሻዋ ላይ አኖረች። አየለች ቅብዐ ሜሮኑን ተቀባች፣ ቆረበችም። እልልታ አልተሰማም።

ወይዘሮ ብርዛፍ ለበዓሉ ድግስ አዘጋጅታ፣ ወንበር ደርድራ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ነበር። ማንም አልመጣም። ሁለቱ በዚያ ሁሉ ባዶ ወንበር መካከል ተቀመጡ። ቆጮውና ጎመኑ ሲቀርብ አየለች እጇን አልዘረጋችም።

"ለእኔ ለብቻ ያድርጉልኝ፣ እትዬ" አለች።

"ዛሬ ከአንድ መንበር ተቀብለን አልመጣንም?" አለች ወይዘሮ ብርዛፍ። "ደግሞ እትዬ አትበይኝ። እማዬ በይኝ።"

አየለች ያንን ቃል ለማንም ሳትል ብዙ ዘመን ሆኗታል። ስትለው ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ እጃቸውን በአንድ ገበታ ላይ ዘርግተው በሉ።

ወዳጆቼ፣ ምስጢራትን ለመቀበል ስንዘጋጅ እንማራለን፣ እንጾማለን፣ ንስሐ እንገባለን፣ ልብሳችንን እናነጣለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ክርስቶስን እየተቀበለ የክርስቶስን ሰው የማይቀበል፣ አፉን ከፍቶ በሩን የዘጋ ነው። ሰውን መቀበል ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ወዳጅ ሊያሳጣ፣ ድግስ ሊያስቀር ይችላል። ቢሆንም በባዶ ወንበሮች መካከል ለሁለት የተበላ ማዕድ፣ ቤት ሙሉ ሰው እያለ ብቻን ከመሆን ይሻላል።

እርስዎ በሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻውን የሚቀመጠው ማነው? ስሙንስ ያውቁታል?