የፊታውራሪ አጥናፌ ዘንግ

የፊታውራሪ አጥናፌ እግር እንደ በቅሎ እግር ጤነኛ ነው። ግን ትልቅ ሰው ሳይደገፍ አይሄድም ብለው፣ ሁለት አሽከሮች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ካልያዙላቸው ከደጃፋቸው አይወጡም ነበር። አንድ ቀን ለወፍጮአቸው ያዘዙትን ረጅም የብረት ዘንግ ለማየት፣ እንደ ልማዳቸው ተይዘው፣ መንደርተኛውን አስከትለው ብረት በማሽን እየዞረ ወደሚላጥበት ቶርኖ ቤት ገቡ።

ምላሱ ከስለቱ የሚብሰው ቶርኖ ሠራተኛ ዘንጉን በሁለቱ ጫፍ አስሮ፣ መሃሉን ደግሞ በሦስት የብረት ጣት አቅፎ በሚይዝ ድጋፍ ደግፎ እያዞረ ይልጠዋል። ያለዚያ ስለቱ ሲገፋው ብረቱ ይሸሽና ወገቡ ወፍሮ ይቀራል።

ፊታውራሪ ድጋፉን ሲያዩ ተቆጡ።

«ምርኩዝ የያዘ ብረት ልትሸጥልኝ ነው? የሚደገፍ ነገር ሁሉ ደካማ ነው! ወይ አሁኑኑ አንሳው፣ ወይ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ብረቱ የማይረባ ነው ብለህ እመን!»

ሠራተኛው ቢያነሳው ዘንጉ ሊበላሽ፣ እምቢ ቢል አታላይ ሊባል ነው። ማሽኑን አጠፋና እጁን በጨርቅ እየጠረገ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔስ ዘንጉ እንደ እርስዎ የተከበረ መስሎኝ ነበር የደገፍኩት። መደገፍ ድካም ነው ካሉ ግን እሺ፣ ይነሣ። በማን እንጀምር? በእሱ ወይስ በእርስዎ?»

ይሄኔ አንደኛው አሽከር ቀስ ብሎ እጁን ማላላት ጀመረ።

«አጥብቀህ ያዝ!» ብለው ጮኹ ፊታውራሪ።

«እሺ ጌታዬ» አለ ቶርኖ ሠራተኛው፤ የዘንጉንም ድጋፍ አጠበቀ።