ለዝቅታ የተሻሙ ታላላቆች

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ላሚቱማ ገብታለች፣ በረቱም ተዘግቷል። እንግዲህ ተጠጉና ስሙኝ። እዚያ ጥግ የምትንሾካሾኩትም ኑ።

በድሮ ዘመን፣ በአንዲት ቆላ አገር፣ ባላምባራስ ድልነሳሁ የሚባሉ ሰው ነበሩ። መሬታቸው ሰፊ ነበር። ድምፃቸውም ሰፊ ነበር። ሲያስነጥሱ እንኳ መንደሩ በሙሉ «ይማርዎ!» ካላላቸው ቅር ይላቸው ነበር።

በዚያ አገር የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ነበረ። ማኅበርተኛው በየወሩ በተራ ይደግሳል፣ ጽዋ ይጠጣል፣ በበሩ ሥር ለሚቀመጡት ድሆችም ዳቦ ይቆርሳል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። ታዲያ ሙሴው አረጁና ሞቱ። ሙሴው ከተቀበሩ ጀምሮ ባላምባራስ ሹመቱ አማራቸው። አማራቸው ስላችሁ እንዲሁ አይደለም፤ እርጉዝ እንደሚያምራት ነው ያማራቸው።

አንድ እሑድ የማኅበሩ ቄስ መምሬ ስነ ጊዮርጊስ ከቅዳሴ በኋላ ቆሙና እንዲህ አሉ፦

«ለሰኔ ሚካኤል አዲስ ሙሴ እንመርጣለን። የእኛ ጌታ ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ጌታ ነው። እናንተም ድግስ ስትጠሩ ወደ ላይ አትሽቀዳደሙ። ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ዝቅ ያለውን እግዜር ከፍ ያደርገዋል። ሙሴ የምናደርገውም ዝቅ ያለውን ነው።»

ሕዝቡ ሁሉ ሰማ። ባላምባራስ ግን የሰሙት «ከፍ ያደርገዋል» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ቤታቸው ገቡና ሚስታቸውን እታገኘሁን ጠሩ፦

«ነይ፣ ዝቅ ማለት ልለማመድ ነው። አንቺ ባለ ድግሷን ሁኚ። እኔ በሩ ሥር እቀመጣለሁ። ወደ ላይ ይምጡ ትይኛለሽ። እንቢ እላለሁ። ትለምኚኛለሽ። ደግሞ እንቢ እላለሁ። ከዚያም ክንዴን ይዘሽ ትጎትቺኛለሽ።»

እታገኘሁም፦ «ባላምባራስ፣ ኧረ ወደ ላይ!» አለች።

«ተዉኝ፣ እኔ ትቢያ ነኝ።»

«እሺ፣ እዚያው ይቀመጡ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ባላምባራስ ተቆጡ፦ «እንዴት እሺ ትይኛለሽ? ለምኚኝ እንጂ!»

«ማንም ባይለምንዎስ?»

«እኔን? እኔን ካልለመኑ ማንን ሊለምኑ ነው?» ብለው ሳቁ።

ከዚያም አዲሱን ጋቢያቸውን አስመጡና ቀደዱት። ሎሌያቸውንም እንዲጥፈው አዘዙት። ሎሌው መጣፊያውን ከኋላ ቢያደርገው ጊዜ፦ «አንተ ደደብ! ከኋላ ማን ያይልኛል? ከፊት ጣፈው እንጂ!» ብለው ከዘራ አቀመሱት። ከዚያ ሎሌ በቀር ስለ ትሕትና የተደበደበ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ድግሱ በወይዘሮ አመተ ሚካኤል ቤት ነበር። ባላምባራስ ማንም ሳይቀድማቸው የበሩን ሥር ሊይዙ በጠዋት ገሰገሱ። ሲደርሱ ግን የአገሩ ሀብታም ነጋዴ፣ ነጋድራስ ውብነህ፣ ደፉ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል።

«ነጋድራስ፣ ኧረ ወደ ላይ!» አሉ ባላምባራስ።

«እርስዎ ይቅደሙ፤ እኔ ምን ቁም ነገር አለኝና!»

«የለም፣ እኔ ከእርስዎ አንሳለሁ።»

«በምን ነው የሚያንሱት? እኔ ነኝ የማንሰው!»

ነጋድራስ የተቀመጡት በአጎዛ ላይ ነበር። ባላምባራስ ይህን አዩና ባዶ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ነጋድራስም አጎዛውን ወርውረው መሬት ላይ ተቀመጡ። ባላምባራስ ከደፉ ወጥተው ደጅ ሆኑ። ነጋድራስ አልፈዋቸው ጎርፍ መውረጃው አፋፍ ላይ ሰፈሩ። ከዚያም ጭቃ ሹሙ መጡ። ሌሎቹም ባላባቶች መጡ። ሁሉም ወደ ታች፣ ወደ ታች ተገፋፉ። አንደኛው ባላባት፣ በግ ከታሰረበት ችካል ሥር ገብተው፦ «እስቲ ከእኔ በታች ማን አለ?» ብለው ተኮፈሱ። በጉ ብቻ ዝም ብሎ አያቸው።

ድሆቹ መጡ። ሁልጊዜ የሚቀመጡበት የበሩ ሥር ግጥም ብሏል። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ አያ ጫኔም በመንገድ አንሸራቶት ጭቃ ላይ ወድቆ ነበርና እየዳሰሰ መጣ፤ መጥቶም አንዱን ባላባት ረገጠ።

ወይዘሮ አመተ ሚካኤል ግራ ገባቸው፦ «አባቴ፣ ምን ላድርግ? መደቡ ባዶ ነው፣ ደጁ ሞልቷል።»

መምሬ ጺማቸውን እያሻሹ፦ «ታላላቆቹማ የወደዱትን ቦታ ይዘዋል፤ ማን ያስነሣቸዋል? ድሆቹን ወደ ላይ አስገቢልኝ» አሉ።

ድሆቹም መደቡ ላይ ተቀመጡ። አያ ጫኔን በሟቹ ሙሴ ቦታ አስቀመጡት።

ጸሎት ተደረገ። ባላምባራስ ጆሯቸውን አቁመዋል። አሁን ይጠሩኛል አሉ። አልጠሯቸውም። ሳል ሳሉ። ማንም አልዞረም። የሰኔ ካፊያም ጀመረ። ድንገት ከውስጥ፦ «ኧረ ወደ ላይ! ወደ ላይ!» የሚል ድምፅ ሰሙ። ባላምባራስ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፦ «ተዉኝ፣ እኔ ትቢያ ነኝ» እያሉ ብድግ አሉ። ለካ የተጠራው የጠላው ጋን ነው! ሁለት አሳላፊዎች ጋኑን ተሸክመው፦ «ዞር ይበሉልን!» ብለዋቸው አለፉ።

ዳቦው ሊቆረስ ሆነ። የእጅ ውሃ ግን አልቀረበም፤ አሳላፊዎቹ ጋኑን ይዘዋል። መምሬ ወደ በሩ ዞረው፦ «እናንተ ዝቅ ያላችሁ፣ እስቲ አንዳችሁ አስታጥቡልን!» አሉ።

ታላላቆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ነጋድራስ፦ «ዝቅ ማለትና አሽከር መሆን ለየቅል ነው» ብለው አጉረመረሙ። ባላምባራስ ግን በልባቸው፦ «አሁን ያዩኛል» አሉ። ኩስኩስቱንና ሳፋውን አነሡ። መጣፊያው እንዲታይ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ገቡ።

ማንም አላያቸውም። ሰው ሁሉ የሚያየው ዳቦውን ነበር።

አያ ጫኔ እጁን ዘረጋ። ጭቃው በጣቶቹ መሃል ደርቋል። ባላምባራስ ጠብ አድርገውለት ሊያልፉ ሲሉ፦

«የኔ ልጅ፣ ጥቂት ጨምርልኝ። ከላይ ሆነህ አታፍስስብኝ፣ ወደ ታች ቅረብ» አላቸው።

የኔ ልጅ! ቅረብ! ባላምባራስ ደማቸው ፈላ። ማን መሆናቸውን ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱ። ሽማግሌው ግን ዓይን የለውም፤ ጋቢም መጣፊያም ማዕረግም አያይም። እጁ ብቻ እንደተዘረጋ ነው፤ ቆፈን ይዞታል። ባላምባራስ አፋቸውን ዘጉና ተንበረከኩ። በአንድ እጃቸው እያፈሰሱ በሌላው ጭቃውን ማሸት ጀመሩ።

«ስምህ ማን ነው?» አለ አያ ጫኔ።

ባላምባራስ ጭቃውን እያሹ፦ «ድልነሳሁ» አሉ።

«ተባረክ፣ ድልነሳሁ። እጅህ ይሞቃል።»

እናታቸው ከሞተች ወዲህ በባዶ ስማቸው የጠራቸው ሰው አልነበረም። ከዚያም የሚቀጥለውን አጠቡ፣ የሚቀጥለውንም አጠቡ፣ ውሃው አለቀ። ማን እንደሚያያቸው ማየቱን ረስተውታልና ኩስኩስቱን ይዘው ራሳቸው ወደ ምንጭ ወረዱ።

እሳቸው ምንጭ ሳሉ መምሬ፦ «እንግዲህ ሙሴ ማን ይሁን?» ብለው ጠየቁ።

ነጋድራስ ዘለው ተነሡ፦ «እኔ ከሁላችሁ የማንስ ነኝ!»

«ውሸት! የማንሰው እኔ ነኝ!» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«አንተ ከእኔ ልታንስ? አባትህስ ከአባቴ አንሶ ያውቃል?»

ከዚህ በኋላ የተባባሉትን እኔ አልደግመውም። በጢም ተያያዙ። ነጋድራስ ተገፍተው ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ወደቁ፤ ወድቀውም እንኳ፦ «አያችሁ፣ ማን ዝቅ እንዳለ!» ብለው ጮኹ።

መምሬ ትተዋቸው ወደ መደቡ ዞሩ፦ «እናንተስ ማን ይሁን ትላላችሁ?»

አያ ጫኔም፦ «እኛ ሹመት አናውቅም፣ አባቴ። ያ ድልነሳሁ የሚባለው ልጅ ግን ይመለስልን፤ ገና ያልታጠቡ አሉ» አለ።

ወዲያው ባላምባራስ በዝናብ ርሰው ገቡ።

«ባላምባራስ፣ ሙሴ ሆነዋል» አሏቸው መምሬ።

«ቆዩኝ አባቴ፣ የቀሩኝ ሰዎች አሉ» አሉና አልፈው ተንበረከኩ።

ነጋድራስ ከጎርፉ ውስጥ ሆነው ይህን ሰሙና ራሳቸውን ያዙ፦ «ወይ ብልሃት! ወይ ተንኮል! እኛ መቀመጥ ብቻ መስሎን!»

እናላችሁ፣ በዓመቱ ታላላቆቹ ሁሉ ኩስኩስት ይዘው መጡ። ከብር ያሠራም ነበረ። ድሆቹን እየተሻሙ አጠቧቸው፣ ደግመው አጠቧቸው። አያ ጫኔ «ኧረ ቆዳዬን ተዉልኝ!» እስኪል ድረስ አጠቡት። ዳቦ ያመጣ ግን አልነበረም። ሙሴው ባላምባራስ ይህን አዩ። አልተቆጡም፣ አልሰበኩም። በጓዳ በር ወጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱና ከእታገኘሁ ጋር ሙልሙል በቅርጫት ተሸክመው ተመለሱ። ታላላቆቹ ገና ውሃ ያፈስሱ ነበርና ማን እንዳመጣው አላዩም። ድሆቹም አልጠየቁም። በሉ።

እኔ ተረቴን ቆርሼ ሰጠኋችሁ፤ እናንተም ዳቦ ቁረሱና አፌን አብሱልኝ። ኧረ ቁጭ በሉ! እጄን ለማስታጠብ አንድ ሰው ይበቃል። ሌሎቻችሁ ዳቦውን አምጡ።