ዳለቻና የጭቃው ትምህርት ቤት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ዘግይቶ ምንጮች ሁሉ በነጠፉበት ዓመት፣ በቆላ ለሚኖሩ አህዮች የቀራቸው ውኃ የአንድ ወንዝ ውኃ ብቻ ነበር። በወንዙ ማዶ ደግሞ አያ ጅቦ ዋሻ ይዞ ተቀምጧል። ሆዱ ምንም ቢሰጡት የማይሞላ፣ አንጎሉ ግን በጥቂት የሚረካ ጅብ ነበር። ውኃ ሊጠጡ ከሚወርዱት አህዮች መካከል ሳይመለስ የሚቀር አይጠፋም።

ከአህዮቹ አንዷ ዳለቻ ትባላለች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ባሏ ራሱ ወንዝ ዳር ተበላባት። ከእንግዲህ ማንም እንዲያስጥለኝ አልጠብቅም አለችና መታገል የሚያስተምራት ፍለጋ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ እመት ቀበሮ ነው። እመት ቀበሮ ከሾላ ዛፍ ጥላ ሥር አህዮችን አሰልፋ እርግጫ ታስተምር ነበር። እርግጫው ሲያዩት ያምራል፦ ጅራት ቀጥ ይላል፣ ጆሮ ይቆማል፣ የኋላ እግር ወደ ላይ ተወርውሮ አየሩን ይቀዝፋል። ማንም ማንንም አይነካም። ከተማሪዎቹ ሁሉ የምትበልጠው የዳለቻ ታናሽ እህት ሸጌ ነበረች። እመት ቀበሮም ጅብ ይህን ያየ ቀን ራሱ ይሸሻል እያለች ታሞግሳት ነበር። ዳለቻ ጥቂት ቀን ከተማረች በኋላ፣ ጅቡ ባይሸሽስ ብላ ጠየቀች። እመት ቀበሮ ፈገግ አለችና ጥርጣሬ የሰነፍ ተማሪ ምልክት ነው አለቻት። መልሱ ዳለቻን አልጣማትም። ጥላውን ትታ ወደ ረግረጉ ወረደች።

በረግረጉ ዳር የሚያስተምረው አያ ከርከሮ ነው። የእርሱ ሜዳ ጭቃ ነው። ተማሪው ተዘጋጅቶ ሲጠብቀው አይመጣም፤ ሣር ሲግጥ፣ ሲያዛጋ፣ ጀርባውን ከግንድ ጋር ሲያክክ ጠብቆ ከቁጥቋጦ ይወጣና ይገጨዋል። ዳለቻን በመጀመሪያው ቀን ጎኗን ብሎ ጭቃ ውስጥ ደፋት። ስትነሳ ደገማት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ጭቃው ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ ፊቷ አይታወቅም ነበር።

አህዮቹ በዚህ ትምህርት ነገር ለሁለት ተከፈሉ። ሽማግሌዎቹ፣ ይህ ድብደባ እንጂ ማስተማር አይደለም፣ ጅብ ሳይደርስብን በከርከሮ ልናልቅ ነው አሉ። የአያ ከርከሮ ተማሪ የሆነ ቦራ የሚባል ጎረምሳ አህያ ግን ሳይደማ የተማረ አልተማረም እያለ ይፎክር ነበር። ሸጌም እህቷን አይታ አዘነች።

«እኔ ገላዬ ሳይቆሽሽ እየተማርኩ ነው» አለቻት፤ «አንቺ ምን አግኝቶሽ ነው በገዛ እግርሽ ሄደሽ የምትመቺው?»

በማግስቱ ዳለቻ እያነከሰች ሄዳ ትምህርቱን እንደምትተው ለአያ ከርከሮ ነገረችው። አያ ከርከሮ አልተቆጣም። እግሯን ተመለከተና እብጠቱ እስኪጎድል ድረስ ዳር ተኝታ እንድታይ አዘዛት። ከዚያም ወደ እርሷ ጠጋ ብሎ አፉን ከፈተ።

«ይህን ክራንቻዬን አይተሽዋል? አንድ ቀን ነክቶሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«በግንባሬ ነው የምገጭሽ። እንዲያምሽ እንጂ እንዲገድልሽ አይደለም። ጅብ ግን ሲመጣ በጥርሱ ነው የሚመጣው። ወድቆ መነሳትን እዚህ ካልለመድሽ እርሱ አያስለምድሽም።»

በዚያው ዕለት ቦራ የልምምድ ጓደኛውን ከወደቀበት ረግጦ የጎን አጥንቱን ሰበረው። አያ ከርከሮ ልምምዱን አስቆመ፤ ቦራንም ጓደኛውን የሰበረ የጅብን ሥራ ሠራለት ብሎ ከሜዳው አባረረው። ዳለቻ ይህን ስታይ ልቧ ረጋ። እግሯ እንደዳነ ተመልሳ ጭቃው ውስጥ ገባች። አሁንም ትገጫለች፣ አሁንም ትወድቃለች፤ ነገር ግን መውደቅ እንደ ቀድሞው አላስደነገጣትም። ከወደቀችበት ሆና መርገጥንም ለመደች።

አንድ ቀን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እህትማማቾቹ ውኃ ሊጠጡ ወረዱ። ሸጌ ገና አፏን ወደ ውኃው ስታደርግ አያ ጅቦ ከቋጥኝ ጀርባ ብቅ አለ። ሸጌ የተማረችውን አልረሳችም። ጅራቷን አቀናች፣ ጆሮዋን አቆመች፣ አየሩን ረገጠች። አያ ጅቦ አልሸሸም። አፉን ከፍቶ ዝግ ብሎ ተጠጋት።

«ዝለይ፣ ግድ የለም» አላት። «እመት ቀበሮ፣ ተማሪዎቼ አይነኩህም፣ አንተ ብቻ አጥንቱን ተውልኝ ብላኛለች።»

ሸጌ ይህን ስትሰማ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ዳለቻ በመካከላቸው ገባች። አያ ጅቦ ዘሎ ትከሻዋን ነከሳትና በክብደቱ መሬት ላይ ጣላት። ፈርታለች፤ ፍርሃቱ ግን አዲስ አልነበረም። ጎኗ መሬት እንደነካ እግሮቿን ሰበሰበች፤ ጅቡ ሆዷን ሊዘነጥል ሲያጎነብስ በሁለቱ የኋላ እግሮቿ መንጋጋውን መታችው። አያ ጅቦ ምን እንደነካው እስኪገባው ድረስ እርሷ ተነስታ ደገመችው። ያን ጊዜ ገባው። እንዲህ አልተባባልንም ነበር እያለ እያጉረመረመ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሮጠ። ከቁጥቋጦ ሥር አጥንት ስትጠብቅ የነበረችው እመት ቀበሮም በሌላ በኩል ውልቅ አለች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ያያት የለም።

ሸጌ የእህቷን ትከሻ ትልስላት ጀመር። ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም። ዳለቻ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አይዞሽ፣ ሄዷል አለቻት። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው አፋቸውን ወንዙ ውስጥ ነከሩ፤ ቀና ብለው ማዶውን ሳይመለከቱም እስኪጠግቡ ድረስ ጠጡ።

ከዚህ የምንማረው፣ እየራራ የሚያጠነክረን መምህር ለጊዜው ቢያሳምመንም፣ እያሞገሰ ከሚያዘናጋን ይልቅ በክፉ ቀን የሚያተርፈን እርሱ መሆኑን ነው።