የጋሽ ደምሰው ጌም ቤት ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ያውም በእኛው ዘመን፣ ኮምቦልቻ ላይ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ባለ ጌም ቤት ነበሩ። ሦስት ወንዶች ልጆች ወልደው በሦስቱም ያፍሩ ነበር። «መብላትማ ማን ይከለክላቸዋል!» ይላሉ ባዩዋቸው ቁጥር።

አንድ ቀን የወጣትነት ጓደኛቸው ጋሽ ሽብሩ ከጅማ ደወሉ። «ደምሰው፣ ዓይኔ እየጠፋ ነው። ሳይጨልምብኝ በዚያች በድሮዋ የመኪና እሽቅድምድም እንግጠም። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ፣ በኢንተርኔት ይቻላል አሉ።»

ጋሽ ደምሰው ልጆቻቸውን ጠሩ። «ያችን ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ከአሮጌ ዕቃ ገጣጥሙልኝ። ለእሑድ ላደረሰልኝ የጌም ቤቱን ቁልፍ እሰጠዋለሁ። መቼም ከእናንተ ሰው ከወጣ ነው!»

ትልቁ ይበልጣል ገበያ ወጣ። ሻጩ የሚያብለጨልጭ የምስል ማሳመሪያ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ሊያሸክመው ሲል፣ «የድሮ ጌም አስመስሎ ለማጫወት ጉልበት የሚያስፈልገው አንጎሉ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው» ብሎ ያገለገለ ጥሩ ፕሮሰሰር መረጠ። ልክ ነበር። ግን በለውጡ የሰጠው ሁለቱ ጓደኛሞች በወጣትነታቸው የተጫወቱባትን የአባቱን የጌም ማጫወቻ ነው፤ ያውም ሳይጠይቅ! «እናቱን ሸጦ ለእናቱ ነጠላ የሚገዛ ጅል!» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። ከጅማ ጋር ሲገናኝ ግን ጋሽ ደምሰው አዝራሩን ተጭነው፣ ምራቃቸውን ከዋጡ በኋላ ነው መኪናዋ የምትታጠፈው። ይበልጣል ሌላ ዕቃ እንቀይር አለ። መካከለኛው ምንይችል፣ «ዕቃው ምንም አልሆነም፤ ዋይፋዩ ነው» ብሎ ኢንተርኔቱ ካለበት መኖሪያ ቤት እስከ ጌም ቤቱ ገመድ ዘረጋ። መኪናዋም እሺ አለች። ታዲያ ገመዱ የሚያልፈው የጌም ቤቱ ጫጫታ ባስመረራቸው ጎረቤት፣ በእትዬ በላይነሽ ጣሪያ ላይ ነው። እሳቸውን እንዴት አስፈቀደ? «ከእንግዲህ ጌም ቤቱ ገና በአሥር ሰዓት ይዘጋል፤ አባቴ ምለዋል» ብሎ! ጋሽ ደምሰው ያልማሉትን መሐላ ሲሰሙ መሬት ላይ ተፉ።

ትንሹ አሸብር ይኼ ሁሉ ሲሆን ተኝቷል። እሑድ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆይ ባትሪ ታቅፎ ገባ።

«እሱ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?» አለ ይበልጣል።

«መብራት ቢጠፋስ?» ብሎ ሰካው። ኢንተርኔቱማ የራሱ ባትሪ ነበረው።

የመጨረሻው ዙር ላይ መብራት ድርግም! ሰፈሩ ሁሉ «ኤጭ!» አለ። ስክሪኑ ግን አልጠፋም። የጋሽ ሽብሩ መኪና ለጥቂት ቀደመች።

«አየሁት ደምሰው! በዓይኔ አየሁት!» አሉ ጋሽ ሽብሩ በስልክ። ተሸናፊው ጋሽ ደምሰውም እንባቸውን ጠረጉ።

ወዲያው በሩ ተደበደበ። ግማሽ ጭንቅላቱ ብቻ የተላጨ ሰውዬ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ፣ ከፀጉር ቆራጩ ጋር ቆሟል። ለካ አሸብር ባትሪውን ያመጣው ከጎን ካለው ፀጉር ቤት ነቅሎ ነው!

«አንዱ ትዝታዬን ሸጠ፤ አንዱ በስሜ ማለ፤ አንዱ ከጎረቤት ሰረቀ» አሉ ጋሽ ደምሰው። ቢሆንም ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሽብሩ ያችን የእሽቅድምድሙን የመጨረሻ መስመር ሳያዩ ይጨልምባቸው እንደነበር ያውቃሉ። ቃላቸውን ደግሞ አያጥፉም። ቁልፉን ጨብጠው ሦስቱን ተራ በተራ ገረመሟቸው፤ ሦስቱም ሳያፍሩ እጃቸውን ዘረጉ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ቁልፉ ለየትኛው ይገባዋል?