ሰንጢ የመረጠው ሰው

ምእመናን፣ አንድ ሰው ሰንጢ ሊገዛ ሱቅ ገባ።

ሰው ሰንጢ ቢገዛ ምን ይገርማል? ምንም አይገርምም። ብርቱካን ይላጥበታል፣ ገመድ ይቆረጥበታል። ከእናንተም መካከል አሁን በኪሱ የያዘ ይኖራል። አትደንግጡ፣ ኪሳችሁን ልፈትሽ አልመጣሁም። ልብ ብላችሁ ስሙኝ ብቻ።

ይህን ታሪክ የነገረኝ ራሱ ሰውየው ነው። በንስሐ የነገረኝ ቢሆን ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር። «አባ፣ ይህንን ለሰው ይንገሩልኝ፤ ስሜንም አይደብቁ» ብሎ ነው የሰጠኝ። ስሙ ዘለቀ ነው።

ዘለቀ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከዝዋይ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫነ አዲስ አበባ ያራግፋል። አባቱ ቶሎ ስለሞተ ታናሽ ወንድሙን አምሃን ያሳደገው እሱ ነው። ጫማ የገዛለት እሱ፣ ትምህርት ቤት ያስገባው እሱ፣ መሪ ያስያዘው እሱ። በሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ሲመርቁ «እንደ ዘለቀ ያለ ወንድም ይስጥህ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ማራገፊያው ላይ በወረፋ ምክንያት ከአንድ ደላላ ጋር ተነጋገረ። ነገሩ ከረረ። ደላላው በሰው ፊት በጥፊ አጮለው። ዘለቀ ምን አደረገ? ደላላው ከነጓደኞቹ ነው፤ እሱ ብቻውን ነው። «ይቅርታ» አለና ወደ መኪናው ተመለሰ።

የተመታው «ይቅርታ» አለ። ተመታና ይቅርታ ጠየቀ!

ጉንጩ በማግስቱ ዳነ። ውስጡ ግን አልዳነም። ለሚስቱ ለይርገዱ አልነገራትም። ለእናቱ አልነገረም። ለአምሃ ብቻ ነገረው፤ ወንድሙ ነዋ! አምሃም አብሮት ተናደደ፣ «ተወው፣ የውሻ ልጅ» አለለት፤ በዚያው አለፈ።

ለአምሃ አለፈ። ለዘለቀ አላለፈም።

ከዚያ ወዲህ ዘለቀ እጁ ባዶ እንደሆነ ይሰማው ጀመር። መሪ ይዞ ባዶ፣ እንጀራ ይዞ ባዶ። ለምን እንደሆነ ለራሱም አላወጣውም። «ጥሩ ሰንጢ ያስፈልገኛል» ብቻ አለ። «ለገመድ» አለ። ይርገዱ «ቤት ያለው ቢላ ምን ሆነ?» ስትለው «እሱማ ይዶለዱማል፤ እኔ የምፈልገው ሁልጊዜ ከኪሴ የማይለይ ደህና ዕቃ ነው» አላት።

እናም አንድ ቀን ጭነቱን ካራገፈ በኋላ የውጭ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገባ። ባለሱቁ አቶ ክንፈ የሚባሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መስታወቱን ከፍተው ሁለት ሰንጢ አወጡ።

አንደኛው እጀታው ከእንጨት ነው፤ ለስላሳ፣ መዳፍ ውስጥ የሚሞላ። ብረቱ ጥሩ ነው፤ ቶሎ አይዶለዱምም፣ አይዝግም። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው። በአንድ እጅ ይዘህ፣ በሌላው እጅ ጥፍርህን አስገብተህ፣ ስበህ።

ሁለተኛው ጥቁር ነው። ቀላል፣ ቀጭን፣ ኪስ ላይ የሚሰካ። አቶ ክንፈ አውራ ጣታቸውን ትንሽ ገፋ አደረጉ። ቀጭ! ስለቱ ወጥቶ ቆመ። ዘለቀ ሲከፈት እንኳ አላየውም።

«ለምን ሥራ ነው የፈለጉት?» ብለው ጠየቁት።

«ለገመድ።»

«ለገመድ ከሆነ እንጨቱን ይውሰዱ። ገመድ አይሸሽም፤ ምን ያስቸኩልዎታል?» ብለው ሳቁ።

ዘለቀም ሳቀ። ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆመ። እንጨቱን አየ። ጥቁሩን አየ። እንጨቱን አስቀመጠ። ጥቁሩን ከፈተው፣ ዘጋው፣ ከፈተው፣ ዘጋው። በዚያች ሰዓት በዓይኑ የመጣው ገመድ ነበር? አይደለም፣ ወገኖቼ። የመጣው የደላላው ፊት ነበር።

«ይኼኛውን» አለ።

ማንም አላስቆጣው። ማንም አልገፋው። ረጋ ብሎ፣ እየሳቀ፣ በጠራራ ፀሐይ መረጠ።

ከዚያ በኋላ ሰንጢው ከኪሱ አልተለየም። ገመድም ቆረጠበት፣ እውነቱን ነው። ወረፋ ሲጠብቅ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል። ጣቱ መንገዱን ተማረ። ልቡ ሳያዘው የሚሄድ ጣት ሆነ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እህታቸው ልጇን ክርስትና አስነሳች። ቤቱ በዘመድ ሞላ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ጨዋታው ደራ። አንድ አጎታቸው ዘለቀን እያወደሱ «ይኼ እኮ ወንድ ነው! ማንም አይደፍረው!» አሉ።

አምሃ ሞቅ ብሎታል። ሳቁ መጣ። «ኧረ ተዉት እባካችሁ! አዲስ አበባ ደላላ በጥፊ ሲያጮለው 'ይቅርታ ጌታዬ' ብሎ ነው የመጣው!» አለ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። አጎቱ ሳቁ። እናቱ እንኳ ፈገግ አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ የቤተ ዘመድ ጨዋታ ነው።

ዘለቀ ብድግ አለ። አምሃ የወንድሙን ፊት ሲያይ ደነገጠ፤ እንዳስቀየመው ገባው። ተነሥቶ ሊያቅፈው እጁን ዘርግቶ መጣ። «ወንድም ዓለም፣ ቀልዴን እኮ ነው፣ ይቅር በለኝ...» እያለ።

ቀጭ።

ዘለቀ ምን አለኝ መሰላችሁ? «አባ፣ ድምፁን ሰምቼ ነው እንደከፈትኩት ያወቅኩት። ከዚያ አምሃን አየሁት፤ ስለቱ ሆዱ ውስጥ ነው። እጁ እንደተዘረጋ ነው» አለኝ።

ጩኸቱን አልነግራችሁም። የእናቲቱን ነገር አልነግራችሁም። ዘለቀ ወንድሙን አንሥቶ መኪናው ውስጥ አስገባው፤ አምሃ አብሮት ሲጓዝ ሁልጊዜ ይቀመጥባት በነበረችው የጎን ወንበር ላይ። ወደ ሆስፒታል ነዳ። እያለቀሰ፣ ጥሩምባ እየነፋ።

አምሃ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ያየዋል። «ቀስ በል» አለው። «ዓይንህን ከመንገዱ አታንሣ።»

ይህን ራሱ ዘለቀ ነበር መንዳት ሲያስተምረው ይለው የነበረው።

ትንሽ ሄደው ደግሞ «ወድቄበት ነው እላቸዋለሁ» አለው። «አንተ ምንም እንዳትናገር። ሰማህ ወይ? ወድቄበት ነው።»

«እሺ አምሃዬ፣ እሺ፣ አትናገር፣ ደረስን።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆም የአምሃ ነፍስ ወጥታ ነበር።

ዘለቀ ወድቆበት ነው አላለም። እጁን ሰጠ። ፍርድ ተፈረደበት፤ ማረሚያ ቤት ገባ። እኔ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ሊጠይቁት የሚመጡት ዘመዶች ሁሉ አንድ ነገር ይሉታል። «ሰይጣን አሳስቶህ ነው። ሳታስበው ነው። ለቅጽበት ነው።» እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ላጽናናው ብዬ ያንኑ አልኩት። «ልጄ፣ በዚያች ደቂቃ አንተ አንተ አልነበርክም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አባ፣ ልክ ነዎት። በዚያች ደቂቃ አልመረጥኩም። በዚያች ደቂቃ የምመርጥበት ጊዜ አልነበረኝም። እኔ የመረጥኩት ሱቁ ውስጥ ነው» አለኝ።

እኔ የመረጥኩት ሱቁ ውስጥ ነው!

መስቀል አሳልሜው፣ ቃሉን እየደጋገምኩ ወጣሁ።

እናታቸው እማማ አስካለ ዛሬም አሉ። እሑድ እሑድ ምግብ ቋጥረው ለዘለቀ ይወስዳሉ። ከማረሚያ ቤቱ ወጥተው ወደ አምሃ መቃብር ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ በመንገድ አግኝቻቸው «እንዴት ከረሙ?» ብላቸው «አባ፣ የቀበርኩት አንድ ነው፤ ለቅሶው ግን ለሁለት ነው። የሞተውን አለቅሳለሁ፣ ያለውንም አለቅሳለሁ። ማልቀሻዬን ለየትኛው እንደማደርግ ጠፋኝ» አሉኝ።

እንግዲህ እናንተስ፣ ምእመናን?

«እኔ ሰንጢ አልያዝኩም» የምትሉ አላችሁ። መልካም። ግን ቂም ይዛችሁ ያደራችሁ የላችሁም? ለአማታችሁ የምትመልሱትን ቃል ምጣዱ ፊት ቆማችሁ የሳላችሁ የላችሁም? ሚስትህን አንድ ቀን የምትሰብርበትን ምስጢር፣ እሷው አምና የነገረችህን፣ አጣጥፈህ ያስቀመጥክ የለህም? «ለክፉ ቀን ይሆነኛል» ብለህ? ክፉ ቀን እኮ ያንን ይዘህ ስትጠብቀው ነው የሚመጣ!

የተጣላችሁ ለታ «ሳላስበው ከአፌ ወጣ» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ሳታስቡት ወጣ። ግን ሳታስቡት ገባ ወይ? ማን አስገባው? ማን በየማለዳው እየዳበሰ አኖረው?

እኛ ንስሐ የምንገባው ስለ ቀጭታዋ ነው። ስለ ሱቁ ማን ንስሐ ገባ? እስቲ ንገሩኝ፣ እየሳቅን ስለመረጥንበት ሰዓት ማን አለቀሰ?

ደግሞም ይህን ስሙ። ሰንጢው ለደላላው ነበር የተገዛው። ደላላውን ግን አላገኘውም። ያገኘው አምሃን ነው። ቂማችሁም እንደዚሁ ነው። ለበደላችሁ ሰው ትስሉታላችሁ፤ የበደላችሁ ሩቅ ነው፣ አይመጣም። ሊያቅፋችሁ እጁን ዘርግቶ የሚመጣው የቤታችሁ ሰው ነው። ልጃችሁ ነው። ወንድማችሁ ነው።

ዘለቀ ንስሐ ገብቷል። እግዚአብሔር ይቅር እንደሚለው አምናለሁ፤ ምሕረቱ ከኃጢአታችን ይሰፋልና። ምሕረት ግን አምሃን ወደ እናቱ ቤት አልመለሰውም። ይህንን ማለት ይከብደኛል፤ ብደብቃችሁ ግን ዋሽቼአችኋለሁ። ይቅር ተብሎም የማይመለስ ነገር አለ።

ስለዚህ ቁጣ እስኪመጣ አትጠብቁ። ያን ጊዜ ጊዜ የላችሁም። ዛሬ ማንም አልሰደባችሁም። ማንም አልመታችሁም። ልባችሁ ረጋ ብሏል። አሁን በዚህ ደጅ እንደቆማችሁ ያንን የሳላችሁትን ነገር በስሙ ጥሩት። ከዚያም ዛሬ፣ ቤት ሳትገቡ፣ ቂም የያዛችሁበት ሰው በር ላይ ሄዳችሁ አንኳኩ። የሚባለው ቢጠፋችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ።

አምሃ እንዳደረገው እጃችሁን ዘርጉ። የሚያገኛችሁ ሰው ምን እንደያዘ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እናንተ ግን ባዶ እጃችሁን ሂዱ።