ያልተቋረጠው ተመስገን

አንድ ሰው ነበረ፤ ዜማ ደራሲ። ሰው አልኩት እንጂ ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። ጆሮው ግን የሽማግሌ ጆሮ ነው፤ መዘምራን ሲዘምሩ ከመካከላቸው ማን እንደሳተ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግርሻል።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ወለተ ሐና። «አባቴ፣ ምስጋና አይቋረጥም እያላችሁ ታስተምሩናላችሁ። እኔ ግን ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ሰው ‹እንዴት አደርሽ?› ሲለኝ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከምስጋና ቢሶች ተቆጠርኩ ማለት ነው?» ብለሽኛል። ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ከባድ ጥያቄ ሲመጣብኝ ዞሬ ነው የምመልሰው፤ አመሌን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ የልጁን ነገር ስሚኝ።

ይህ ልጅ እናቱ ታማበት ነበር። ሐኪሞቹ «ወደ ቤቷ ውሰዷት» አሉ፤ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። የደብሩ መዘምራን፣ አብረውት ያደጉት ልጆች፣ ማታ ማታ እየመጡ አልጋዋ ሥር ይዘምሩላት ነበር። ልጁም ሌላ መላ ሲያጣ ስለት ተሳለ። ሻማ አልተሳለም፣ ጃንጥላም አልተሳለም፤ «እናቴን ብታስነሣልኝ ሳይቋረጥ የሚዘመር ምስጋና እደርስልሃለሁ» አለ። ሴትየዋ ተነሣች። መጀመሪያ ተደግፋ ተቀመጠች፣ ቀጥላ «ሽሮው ጨው አነሰው» ብላ ተቆጣች፤ ልጇ መዳኗን ያመነው ያን ጊዜ ነው።

ስለቱን የሚያደርስበት ቀን ለመምጣት አልዘገየም። የከተማው አድባራት ተስማምተው ለወጣት ዜማ ደራሲዎች ውድድር አወጡ። እያንዳንዱ ወጣት አዲስ መዝሙር ደርሶ፣ የደብሩን መዘምራን አሠልጥኖ፣ ያለ ከበሮ በድምፅ ብቻ ያሰማል። አንደኛ የወጣውን መዝሙር በዓመቱ ትልቅ በዓል የከተማው መዘምራን ሁሉ በአንድነት ይዘምሩታል። ልጁ ይህን ሲሰማ እናቱ የዳነችበትን ምስጋና ከተማው ሁሉ ሲዘምረው ታየው። እውነቱን ለመናገር የራሱም ስም ሲጠራ ታይቶታል፤ ልጅ ነውና አንፍረድበት።

መዝሙሩ ያማረ ነበር። አንድ አውጪ ፊት ቆሞ የእናቲቱን መታመምና መዳን ይተርካል። የቀሩት ከኋላው ሆነው «ተመስገን» ይላሉ። የመጨረሻው አንጓ ሲጀመር ይህን ቃል ይከፍቱታል፤ አንጓው እስኪያልቅ ድረስ ድምፁን ስበው ያቆዩታል፤ የሚዘጉት አውጪው ሲጨርስ ነው። በመካከሉ ማረፍ የለም። «ስለቴ ‹ሳይቋረጥ› ነው የሚለው» ይላል ልጁ። ሰው ሳምባ እንዳለው የረሳ ይመስል ነበር።

ልምምድ ጀመሩ። አንዱ መሐል ላይ ትንፋሽ ያልቅበትና ያቆማል፤ ተንፍሶ ይመለሳል። ወዲያው ሌላዋ ታቆማለች፤ እሷም ትመለሳለች። ዜማው ግን እንዳለ ነበር፤ ሁልጊዜ የያዘው ሰው አይጠፋም። ያ ሁሉ ጆሮ ያለው ልጅ ይህን አልሰማም። እሱ የሚሰማው ማን እንዳቆመ ብቻ ነበር። ሰው ባቆመ ቁጥር ስለቱ የተሸረፈ እየመሰለው፣ ያቆሙትን እየለየ ከሰልፉ አውጥቶ ማስቀመጥ ጀመረ። «ለጊዜው ነው፣ አትቀየሙኝ» ይላል። እነሱ ግን ተቀየሙ። «እናቱ ታማ ሳለች በየማታው የዘመርንላት እኛ አልነበርንም? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው» አሉ።

ከመዘምራኑ መካከል አስም ያለባት ልጅ ነበረች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዘምራለች፤ ድምፅዋ ቀጭን፣ ትንፋሿም አጭር ነው። እሷንም ጠራትና፣

«አንቺ ስታቆሚ ይሰማል» አላት።

«ተንፍሼ ስመለስስ?» አለችው።

«ስትመለሺማ አይሰማም። ቀስ ብለሽ ነው የምትገቢው።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

እሱ ግን አስቀመጣት። ሌላ ሰው ቢሆን ደብር ይቀይር ነበር፤ እሷ ግን በየልምምዱ እየመጣች አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ታዳምጥ ጀመር። ምን ትሠሪያለሽ ላላት «መዝሙሩ እኮ የኔም ነው» ትላለች። አኩርፈው የነበሩትም እሷን አይተው አንድ በአንድ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

በመጨረሻ ቆመው የቀሩት ጥቂት ትንፋሸ ረጅሞች ሆኑ። ሁሉም ደረታቸው ሰፊ፣ ሁሉም እኩል። በደብሩ አዳራሽ ሲለማመዱ አንጓውን ከዳር እስከ ዳር ይዘልቁታል። ልጁ ስለቱ እንደሚደርስ እርግጠኛ ሆነ፤ እንቅልፍም ወሰደው።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቱ ነጠላዋን ተከናንባ ከፊት ተቀመጠች፤ የተቀነሱት ዘማሪዎች ከእሷ ኋላ ባለው አግዳሚ ተደረደሩ። ተራቸው ደርሶ መዝሙሩ ሲጀመር ሕዝቡ ጸጥ አለ። እስከ መጨረሻው አንጓ ድረስ እንከን አልነበረውም። እዚያ ሲደርስ ግን አውጪው እናቲቱን ፊት ለፊት አያት። ታማ በነበረች ጊዜ አልጋዋ ሥር ከዘመሩት አንዱ ነበርና ቃሉን ይጎትተው ጀመር። በልምምድ ቶሎ የሚያልፈውን ሁሉ አረዘመው። ልጁ ከጎን ቆሞ በእጁ «ቶሎ፣ ቶሎ» ይላል፤ አውጪው የት አይቶት።

ከኋላ የቆሙት አንገታቸው ተገተረ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። ትንፋሻቸው እኩል የሆኑትን መርጦ የለ? እኩል አለቀባቸው። ድሮ አንዱ ሲያቆም ጎረቤቱ ይይዝለት ነበር፤ አሁን ጎረቤቱም አልቆበታል። «ተመስገን» የሚለው ድምፅ ሲሰልል፣ ሲሰልል ልጁ ሰማው። ለእግዚአብሔር የገባው ቃል እናቱ ፊት፣ ሕዝብ ፊት ሊበጠስ እንደሆነ ገባው።

ድምፁ ሊጠፋ አንድ ሐሙስ ሲቀረው፣ ከወንበሮቹ በኩል ቀጭን ድምፅ ያዘው። አልጮኸም፤ ዜማውን ካለበት አንሥቶ ያዘ፣ በቃ። አስም ያለባት ልጅ ነበረች። የእሷ ትንፋሽ ሲያጥር አጠገቧ ያለው ተቀበላት፤ እሱ ሳያቆም ሌላዋ ገባች። መድረክ ላይ ያሉት በዚህ መሐል ተንፍሰው አንድ በአንድ ተመለሱ። አውጪው ከኋላው የሆነውን ጉድ ሳያውቅ አንጓውን ጨረሰ። ከመድረኩም ከአግዳሚውም ያሉት «ተመስገን»ን በአንድ አፍ ዘጉት።

ዳኞቹ ተማከሩ። ሊቀ መንበሩም፣ «ልጄ፣ ዜማህን ወደነዋል። ነገር ግን ከመድረክ ውጭ ድምፅ የተጨመረበት መዝሙር አይወዳደርም፤ ደንቡ ነው» አሉት። ሽልማቱ ለሌላ ተሰጠ። ልጁ እጅ ነሥቶ ወረደና ወደ እናቱ ሄደ።

«ይቅር በይኝ እማዬ፣ መሐል ላይ ሊቋረጥብኝ ነበር» አላት።

እናቱ ዓይኗን ጨፍና ነበር የሰማችው። «የቱ ጋ?» አለችው።

ያን ጊዜ እንባው መጣ። ሽልማቱን አጥቶ አልነበረም ያለቀሰው፤ ስለቱ ደርሶለት ነው። ዞሮ አስም ያለባት ልጅ ፊት ቆመ፣ «ያባረርኩሽ አንቺ፣ ስለቴን አደረስሽልኝ። ምን ብዬ ላመስግንሽ?» አላት።

እሷም ሳቅ ብላ፣ «አባረርከኝ እንዴ? እኔ እኮ ያሳረፍከኝ መስሎኝ ነበር። ባላርፍ ኖሮ ያን ትንፋሽ ከየት አመጣው ነበር?» አለችው።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዜማ ደርሷል። ዘማሪ ሲተነፍስ ቢሰማ ግን መቆጣት ተወ።

ወለተ ሐና፣ ልጄ፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ምስጋና አይቋረጥም ማለታችንን አልሽርም። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን፣ ሳይተነፍስ ይያዘው አላልንም፤ እንዲህ ያለ ሳምባ የተሰጠው ሰው የለም። አንቺ ከመዝሙሩ የወጣሽ መስሎሻል። አልወጣሽም፤ እየተነፈስሽ ነው። ያቺ ልጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣም ከመዘምራኑ አንዷ ነበረች። አንቺም እንዲሁ ነሽ።

ትናንት ለልቅሶ የመጣው ሰው «እንዴት አደርሽ?» ሲልሽ መሬት መሬት ታዪ ነበር። ጎረቤትሽ ደብሪቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደኅና አድራለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ቃሌን ከአፌ ነጠቀችኝ ብለሽ ሳትቀየሚያት አልቀረሽም፤ ፊትሽን አይቼዋለሁ። አልነጠቀችሽም። ትንፋሽ ሲያጥርሽ ዜማውን ያዘችልሽ እንጂ። እሷስ ባሏን በቀበረች ጊዜ ማን ነበር የያዘላት? በሯ ላይ ቆመሽ ለመጣው ሁሉ «ይመስገን፣ ይመስገን» እያልሽ ስትመልሺላት የነበርሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል፤ ደብሪቱ አልረሳችውም፣ እኔም አልረሳሁትም።

እንግዲህ ጸጸቱን ተዪው ልጄ። ትንፋሽሽ ሲመለስ ቀስ ብለሽ ግቢ፤ ስትገቢ አይሰማም፣ የት ነበርሽ የሚልሽም የለም። እስከዚያው እረፊ። እኛ ይዘነዋል።