የማንም ያልሆነ እንግዳ

ተረት ልንገራችሁ፤ ግን ደስ የምትል አይደለችም። ኋላ «ለምን ነገርከን» ብላችሁ እንዳታኮርፉ!

ብስክሌትም ጅብም አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት ዘመን አንዳርጌ የሚባል ሰው ነበር። እናት አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት በሰው ቤት ያደገ ነው። የሰው ፊት ሲያይ፣ «አሳድሩኝ» ሲል ያደገ። ታዲያ ሲያልፍለት ብስክሌት ገዛ። ድንኳኑን፣ ብርድ ልብሱንና ስንቁን በላይዋ ጫነና «ከእንግዲህ ቤቴ ከእኔ ጋር ነው፤ የማንንም ደጅ አልጠናም» ብሎ ማለ።

አንድ ቀን ከዱሩ ማዶ ያለችው እህቱ ላከችበት። «እሑድ የልጄ ክርስትና ነው። ከአንተ ሌላ ወገን የለኝም፤ እንዳትቀርብኝ።»

አንዳርጌ ቅዳሜ ተነሳ። መንገዱ መንገድ አይባልም። ሥር ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ማጥ ነው። ብስክሌቲቱን አንዴ እየጋለባት አንዴ እየገፋት፣ እሷም እያቃሰተች፣ ፀሐይ አዘቀዘቀችባቸው።

ከዛፍ ላይ ጦጢት ጠራችው። «አያ አንዳርጌ፣ መሽቷል፤ እኔ ዘንድ እደር። አያ ጅቦ የማንንም እንግዳ አይነካም፤ የዱሩ ሕግ ነው።»

«ቤቴን ይዣለሁ» አለና አለፈ።

ጃርት ከጉድጓዷ ብቅ አለች። «አያ አንዳርጌ፣ ቤቴ ጠባብ ቢሆንም ግባና እደር።»

«ቤቴን ይዣለሁ» አለና አለፈ።

ወንዝ ዳር ሆዱ የተቦረቦረ ሽማግሌ ዝግባ ነበር። «ልጄ፣ ሆዴ ውስጥ ለአንተ የሚሆን ቦታ አለ። ደጄን ብቻ ርገጥ።»

«ጌታዬ፣ እባክህ እዚህ እንደር!» አለች ብስክሌቲቱ።

አንዳርጌ ሆድ ባሰው። በሰው ምድጃ ጥግ ተኮራምቶ «ነገ ውጣ» እስኪሉት የሚጠብቅበት ጊዜ ትዝ አለው። «የሰው ፊት እሳት ነው፤ በቅቶኛል። ቤቴን ይዣለሁ» አለና ወንዙን ተሻግሮ ድንኳኑን ተከለ። አይ ግትር! እኔስ ሳወራው እንኳ ያንገበግበኛል።

እኩለ ሌሊት ላይ አያ ጅቦ መጣ። በድንኳኑና በወንዙ መካከል ቆመ። ሕግ አክባሪ ነውና መጀመሪያ ጠየቀ።

«የማን እንግዳ ነህ?»

«የድንኳኔ!»

«እኔ ጨርቅ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ድንኳኑ እየተንቀጠቀጠ።

«የማን እንግዳ ነህ?»

«የእኔ ነው! የእኔ!» ብላ ብስክሌቲቱ ደወሏን አንቃጨለች።

«አንቺ ተሸካሚ ነሽ፤ ቤት የለሽም። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅ፤ የማን እንግዳ ነህ?»

አንዳርጌ ዕድሜውን ሙሉ የጠላውን ቃል ጮኸ። «አባ ዝግባ! አሳድሩኝ! እንግዳዬ ነው በሉልኝ!»

ዝግባው ከማዶ አለቀሰ። «ልጄ፣ ደጄን አልረገጥክም። ዛሬ ብዋሽ ነገ ጅብ ማንን ያምናል? የዱሩ እንግዳ ሁሉ ያልቃል።»

እሑድ እህቱ ልጇን ታቅፋ ደጅ ደጁን ስታይ ዋለች። ብስክሌቲቱን ዛሬም ወንዙ ዳር ዝገት ይበላታል። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ደወሏን እየመታች «እደር! እደር!» ትላለች።

ስንቅ ያደርሳል፤ የሚያሳድር ግን «እንግዳዬ ነው» ባይ ነው። ተረቴን ከዱሩ አወጣኋት፤ አንዳርጌን ማውጣት ግን አልሆነልኝም።